ልጅ የሌላቸው ጥዶች

የእናቴ አገር ቤተ ክርስቲያን በር መዝመሙን የሰማሁት በስልክ ነው። ጎንደር፣ ቁስቋም ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ ለአንዲት ሙሽራ ቁም ሣጥን እየላግሁ ሳለ ቄሰ ገበዙ ደወሉ። የደብሩን ሕንፃና ንብረት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ የወንዶቹ መግቢያ በር በቅዳሴ መካከል ወደ ውስጥ ዘመመ" አሉኝ። "ሰው ላይ ሳይወድቅ አራት ጎልማሳ ተረባርቦ አቆመው። አሁን ግንድ አስደግፈንበታል። ንግሡ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።"

"በአቅራቢያው አናጺ የለም እንዴ አባ?"

"አለ እንጂ! የእኛው ልጅ እያለ ምነው ሌላ እንለምን?"

እንዲህ ከተባለ በኋላ እምቢ አይባልም። የሙሽራዋን ቁም ሣጥን ለባልደረባዬ አስረክቤ መሣሪያዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

አባቴ የዜማ መምህር ነበር። እኔም እስከ ዲቁና ደርሻለሁ። ግን ሌሎቹ ልጆች ዜማውን ሲከተሉ እኔ መቋሚያውን እያገላበጥኩ "ይሄ ከምን ዛፍ ነው? ምነው እንደዚያኛው አልተሰነጠቀም?" እያልኩ አስቸግር ነበር። አባቴ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ "የዚህ ልጅ ጆሮ እንጨት ላይ ነው" ብሎ አንድ አናጺ ዘንድ አስገባኝ። ይኸው ጠጉሬ ሸበተ፤ መጠየቁን ግን አልተውኩም።

በማግስቱ እስከ ትክል ድንጋይ ከተማ በመኪና ሄድኩ፣ ከዚያ በእግር። ክረምቱ ወጥቶ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከሩቅ ሲያዩት በዚያ ሁሉ እርሻ መካከል ጨለም ብሎ የሚታይ አንድ ክብ ደን አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከደኑ ውጭ ዓይን እስኪደክም ቢሄዱ ከባሕር ዛፍ በቀር ሌላ ዛፍ የለም።

ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝና ቀጥታ ወደ በሩ ወሰዱኝ። የበሩ መቃን ሁለት ቋሚ እንጨት ነው። የቀኙ ወይራ ነው፤ ማን እንዳቆመው የሚያስታውስ ሰው የለም። በጥፍሬ ብቧጭረው እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። የግራው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቄሰ ገበዙ ገና ወጣት ቄስ ሳሉ የተተካ። ካቻቢቴዬን አስጠግቼ ገፋ ባደርገው እስከ እጀታው ጠልቆ ገባ። ስነቅለው ምስጡ ተከትሎ ፈሰሰ። ከውጭ ቀለም ተቀብቶ እንጨት ይመስላል፤ ውስጡ አፈር ሆኖ አልቋል።

"ባሕር ዛፍ ጥፋት የለበትም" አልኳቸው፤ ፊታቸው ላይ ቁጭት አይቼ። "ለጣራ ሸጋ ነው። ከመሬት ጋር ሲገናኝ ነው ምስጥ የሚወደው። እዚህ ቦታ ላይ ጥድ ወይም ወይራ ያስፈልጋል።"

"ተዘጋጅቷል" አሉና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቤተልሔሙ ጀርባ ይዘውኝ ሄዱ።

እዚያ አንድ ጥድ ቆሟል። ብዙ እንጨት በእጄ አልፏል፤ እንዲህ ያለ ግን በሕይወት ቆሞ አላየሁም። ባቅፈው እጆቼ አልተገናኙም። ቀና ስል እስከ ሁለት ሰው ቁመት ቅርንጫፍ የሚባል የለውም፤ ቀጥ ያለ፣ ለመጋዝ የተፈጠረ።

"እዚህ ደን ውስጥ በሕይወት ያለ ዛፍ ለማንም ቤት ተቆርጦ አያውቅም" አሉ ቄሰ ገበዙ። "ይሄ ግን ለራሱ ለቤቱ ነው። ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ተስማምተናል። ነገ ጣለው።"

ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልችልም። ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። እንጨት የሚያቀርቡልኝ ገበሬዎች ባሕር ዛፋቸውን ሲቆርጡ ሁልጊዜ የማየው አንድ ልማድ አላቸው፦ አንዱን መደብ ሲቆርጡ ሌላው እያደገ ነው፤ የተቆረጠውም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይህ ትዝ አለኝና እንደ ዋዛ ጠየቅሁ።

"አባ፣ የዚህ ተተኪው የቱ ነው?"

"የምን ተተኪ?"

"ይሄን ስንጥለው በቦታው የሚያድገው።"

ጭራቸውን አንስተው ዙሪያውን አሳዩኝ። "ይኸው ደን አይደለም እንዴ ያለኸው?"

ዙሪያዬን አየሁ። ደን ነው፤ ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ዛፉ ሁሉ አሮጌ ነው። ጥዱ አሮጌ፣ ወይራው ጎርባጣ አሮጌ፣ ዋንዛው ውስጡ ተቦርቡሮ ንብ የሰፈረበት። አንድም ልጅ የለም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ሜትሬን ኪሴ ከትቼ መዞር ጀመርኩ። ከቅጽሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ። ጣት የምታክል ጥድ ፈለግሁ፤ የለችም። ክንድ የሚያክል ወይራ ፈለግሁ፤ የለም። መሬቱ እንደ ሳሎን ወለል የተጠረገ ነው፤ አጭር ሣር፣ አልፎ አልፎ የከብት እበት። ፍሬማ ሞልቷል። ሰማያዊው የጥድ ፍሬ ከእግሬ ሥር እየተንኮሻኮሸ ይፈጫል። ተንበርክኬ በቢላዬ ጫር ጫር ሳደርግ ደግሞ ቡቃያም አገኘሁ፦ በዚህ ክረምት በቅላ ሁለት ቅጠል አውጥታ የደረቀች፣ እንደ ክር የቀጠነች። ሌላም አገኘሁ፤ እሷንም ከብት ነጭቷታል። እንግዲያው ፍሬው ይበቅላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው።

ሲመሽ የሰንበቴው ቤት ውስጥ ካህናቱን ጠየቅኋቸው። ሁሉም የየራሱ መልስ አለው። አንደኛው "ዝናቡ ከድቶናል" አሉ። ሌላው "ጥድ እኮ እግዜር የሚተክለው ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል" አሉ። ቄሰ ገበዙ ደግሞ "አንተ ሰው፣ በር ልትሠራ ነው የመጣህ ወይስ ልትመራመር?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ያም ሆኖ በማግስቱ ዛፉን አልጣልኩም። "መጋዙ መሳል አለበት" ብዬ አንድ ቀን ለመንኩ፤ መጋዙም እውነቱን ለመናገር መሳል ነበረበት።

ከቀትር በኋላ በቅጽሩ የኋላ በር ወጥቼ ወደ ገደሉ ሄድኩ። ከቅጽሩ ውጭ፣ ማንም የማያርሰው ተዳፋት ላይ አጋም ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ፍሬው ጠቁሮ ስላየሁ ለመቅመስ እጄን ሰደድኩ። እሾሁ ወጋኝ። እጄን ስመልስ ቅርንጫፉ ተከፈተና በመካከሉ ሌላ ቅጠል አየሁ፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ብር የመሰለ። ወይራ! እንደ አውራ ጣት የወፈረች፣ ቀጥ ያለች፣ ራሷን በእሾሁ አናት ላይ ብቅ ያደረገች። ቀጥሎ ያለውን ቁጥቋጦ ገለጥኩ፤ እዚያም ሌላ። ጫፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ደግሞ ቁመቷ ጉልበቴ የሚደርስ አንዲት ጥድ።

በሆዴ ተኝቼ ወደ ውስጥ አየሁ። አንድ ሜትር ወዲህ ያለው መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከአጋሙ ሥር ያለው አፈር ጥቁር ነው፣ ርጥብ ነው፣ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኗል። ቅርንጫፎቹ ላይ የወፍ ኩስ ነጥቦ ደርቋል፤ ከኩሱ መካከል የወይራ ዘር ይታያል።

"አንተ ሰው! ምን ጠፍቶብህ ነው?" የሚል ድምፅ ከበላዬ ሰማሁ።

ቀና ስል እርሻቸው ከገደሉ ጋር የሚዋሰነው ሽማግሌ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አገሩ ሁሉ "አያ" ነው የሚላቸው። በየዓመቱ ከንግሡ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ባለው ቅዳሜ ሕዝቡ ቅጽሩን ለመመንጠር ሲወጣ ገጀራ ይዘው የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን ያህል የሚመነጥር ጎረምሳ እንኳ የለም ይባል ነበር።

"ወይራ አግኝቼ ነው አያ" አልኩ እየተነሣሁ።

"ወይራማ እዚህ ሞልቷል። ገደል አፋፍ ላይ ማን ይመነጥረዋል?"

'ማን ይመነጥረዋል' የሚለው ቃል ያዘኝ። ባልጠይቅ ይሻል እንደ ነበር ቆይቶ ነው የገባኝ።

"አያ፣ ቅጽሩ ውስጥስ ድሮ አጋም ነበር?"

"ነበር እንጂ! ልጅ ሳለሁ ሰው አያሳልፍም። የቄሱን ካባ፣ የሴቱን ነጠላ እየያዘ ይቀድ ነበር። እኔ ነኝ ያጠራሁት" አሉ በኩራት። "ሴት ልጄ ታማ፣ ሞተች ስንል ተረፈችልኝ። ያኔ ተሳልኩ፤ በሕይወት እስካለሁ ቅጽሩን በየዓመቱ አጸዳለሁ ብዬ። ይኸው አንድም ዓመት አላጓደልኩም።"

ወደ አጋሙ ጎንበስ ብለው በገጀራቸው ጫፍ ቅርንጫፉን ገለጥ አደረጉ። ወይራዋን አዩ። ቀጥለው ሁለተኛዋን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ከቅጽሩ በላይ የሚታዩትን አሮጌ ዛፎች ተመለከቱ። ያልተማሩ ናቸው፤ አስተውሎታቸው ግን ፈጣን ነው። ምንም ሳልላቸው ገባቸው።

"እንግዲህ እኔ ነኛ" አሉ ቀስ ብለው።

"አንቱ ብቻ አይደሉም አያ። ከብቱም አለ..."

"ከብቱንስ እሾሁ ነበር የሚከለክለው። እሾሁን ማን ነቀለው?" ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ መጥፎ ጎረቤት ያራቅሁ መስሎኝ። የቡቃያዎቹን ሞግዚት ነው ለካ የቆረጥኩባቸው።"

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ አፈርኩ። የማወቅ ፍላጎት ሲይዘኝ የማገኘው ነገር ማንን እንደሚያቆስል አላስብም፤ ይህ የቆየ ጥፋቴ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ገጀራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

"ቅዳሜ ምንጣሮ ነው" አሉ። "ብመነጥር ዛፉን እበድላለሁ። ባልመነጥር ስለቴን አፈርሳለሁ። ምነው አንተ ሰው ዛሬ ባልመጣህ!"

ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ገጀራና ማጭድ ይዞ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። አያ ከፊት ቆመዋል፤ ገጀራቸው ግን በእጃቸው የለም። ሰው ሁሉ ያየው ያንን ነው። ቄሰ ገበዙም አይተው "ምነው አያ፣ ታመምክ?" አሉ።

"አልታመምኩም አባ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከእኔ ጋር ኑ።"

ካህናቱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የቀረውንም ሕዝብ አስከትለው በኋላ በር ወደ ገደሉ ሄዱ። እኔ ከሁሉ ኋላ ተከተልኩ፤ ነገሩ አሁን የእኔ አልነበረም። አጋሙን በእጃቸው ገልጠው "አባ፣ ጎንበስ ይበሉ" አሉ። ቄሰ ገበዙ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ጥምጥማቸው እሾህ ይዞት ሊወድቅ ሲል በአንድ እጃቸው ያዙት፤ አሁንም አልተነሡም።

"እንዴ!" የሚል ድምፅ ከቁጥቋጦው ውስጥ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ቀላል አልነበረም። አንድ ጎልማሳ "ንግሥን በእሾህ ልናከብር ነው?" አለ። አንዲት እናት እሾህ የቀደደውን ነጠላቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩ "ይሄን ማን ይተካልኛል?" አሉ። ሰው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ፊት ለፊት "ከብት አይግባ ካላችሁ የቄሰ ገበዙን በሬዎች ማን ሊያስወጣ ነው?" ሲሉ ሳቁ ጠፋ። በሬዎቹ በዚያች ሰዓት እንኳ በቤተልሔሙ በኩል ይግጡ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። "የእኔዎቹን ዛሬ አስወጣለሁ" አሉ። "ከእኔ በኋላ የሚያስገባ ሰው ካለ ያኔ እንነጋገራለን።"

ተስማሙ። ታቦቱ የሚዞርበት መንገድ፣ ዐውደ ምሕረቱና ሕዝቡ የሚቆምበት ቦታ ይጸዳል። ሰሜኑና የቤተልሔሙ ጀርባ ግን ገጀራ አይነካውም። የአያን ስለት በተመለከተ ቄሰ ገበዙ ለብቻቸው ወስደው አነጋገሯቸው። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ አያ ራሳቸው ናቸው ማታ የነገሩኝ።

"'የተሳልከው ለቤቱ እንጂ ለገጀራው አይደለም' አሉኝ። ከእንግዲህ ስለቴ ጥበቃ ነው፤ ከብት እንዳይገባ መዞር። እንዲያውም ይሄ ከባድ ነው፤ ምንጣሮ በአንድ ቀን ያልቃል።"

የቀረው የበሩ ጉዳይ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ስለዚያ ትልቅ ጥድ ያለኝን ሐሳብ ተናገርኩ። ቀጥተኛና ጤነኛ የሆነው፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ይቆይ፤ ከእሱ አልፎ አናቱን መብረቅ የመታው፣ ግማሽ ጎኑ ቆሞ የደረቀ ሌላ ጥድ አለ፤ ለመቃን ይበቃል። ደግሞም ቆሞ የደረቀ እንጨት ለእኔ የተሻለ ነው፤ ርጥብ ጥድ በሦስት ሳምንት ውስጥ በር ቢሆን ሲደርቅ ይጣመማል። ይህን ቀድሞ አለማሰቤ አሳፈረኝ፤ የትልቁ ዛፍ ቁመና ነው ያሳወረኝ።

ሰኞ ዕለት ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ጣልነው። ሲወድቅ ከጎኑ የነበረውን የአንድ ወይራ ቅርንጫፍ ሰበረ፤ ሌላ የጎዳው አልነበረም። ጉቶው ላይ ያሉት ክብ መስመሮች በጣም ከመቀራረባቸው የተነሣ በዓይኔ መለየት አቃተኝ። ውስጡ ቀይ ነው። ከደረቀው ጎን መቃኑን አወጣሁ፤ ከቀረው ለሴቶቹ መግቢያ የሚሆን ጉበን ተረፈኝ፤ ፍልጡ ለቤተልሔሙ ማገዶ ሆነ። አንድ ክንድ እንጨት አልባከነም። በሩ ከንግሡ ሁለት ቀን በፊት ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ እንዳሰብነው ቶሎ አልሄደም። በመጀመሪያው ዓመት ያልተነካው ቦታ አረምና አሜከላ ብቻ አበቀለ። ሰው "የአናጺው ደን" እያለ አሾፈብን። በሁለተኛው ዓመት መንገዱ ለብዙ ጊዜ ስለተዘጋ መሄድ አልቻልኩም። ጎንደር ሆኜ እንጨት የሚያመጡልኝን ነጋዴዎች "ይሄ በተቆረጠበት ቦታ አሁን ምን አለ?" እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ብዙዎቹ ተገርመው ያዩኛል። አንድ ከማክሰኝት የሚመጣ ነጋዴ "እንጨት ነው የምትገዛው ወይስ ትመሰክርብኛለህ?" ብሎ ጭነቱን ይዞ ተመለሰ። ሌላው ግን ደስ ብሎት የራሱን ባሕር ዛፍ ሊያሳየኝ ቤቱ ድረስ ወሰደኝ፤ እስከ ዛሬ የምገዛው ከእሱ ነው።

በሦስተኛው ክረምት ማብቂያ ላይ መንገዱ ተከፍቶ ስሄድ አያ የቅጽሩ አጥር ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ያያሉ። ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

"ያቺን ቡናማዋን ወፍ አየሃት? ጅራተ ረጅሟን? ወይራ በልታ አጋም ላይ ታርፋለች። ዋኖሱ ግን በልቶ ሩቅ ይሄዳል፤ የት እንደሚጥለው እግዜር ነው የሚያውቀው።"

አጋሙ ከቀረው ሥሩ አቆጥቁጦ ወገባችን ደርሷል። ከሥሩ አያ አንድ በአንድ የሚያውቋቸው የወይራ ቡቃያዎች አሉ። ብዙ አይደሉም። አንዱን ድኩላ በልቶታል፤ አንዱ ያለ ምክንያት ደርቋል። ጥድ ግን ከአጋሙ ሥር አንድም አልነበረም። ይህ እኔን አስጨነቀኝ። ወይራው ከመጣ ጥዱ ምነው ቀረ?

"እኔም ስጠይቅ ነው የከረምኩት" አሉ አያ። "ና ላሳይህ።"

ባለፈው ወደ ጣልነው ጥድ ጉቶ ወሰዱኝ። ዛፉ ሲወድቅ ከላይ ሰማይ ተከፍቷል፤ ፀሐዩ ያለ ከልካይ ይወርዳል። ጉቶው ዙሪያ፣ በበሰበሰው ፍቅፋቂና በሣሩ መካከል፣ ጫፋቸው የሚዋጋ አረንጓዴ ነገሮች ቆመዋል። ቁመታቸው ከመዳፌ አይበልጥም።

"ጥድ ናቸው?" አልኩ።

"ምን ይመስሉሃል?"

"ጥድ ናቸው።"

"ወይራ ጥላ ይወዳል፤ ጥድ ብርሃን ይወዳል ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያው በራሳቸው ንግግር ላይ ጥርጣሬ ገባቸውና አገጫቸውን አሻሹ። "ወይም ደግሞ እዚህ ከብቱ ስላልደረሰ ብቻ ይሆናል። ገና አላወቅሁም። እዚያ ማዶ ባዶ ሜዳው ላይ እሾህ አጥሬ ፍሬ ረጭቻለሁ፤ እዚህ ደግሞ ጥላው ሥር ረጭቻለሁ። እንግዲህ የትኛው እንደሚወጣ ማየት ነው።"

"አያ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?"

"ማን ያስተምረኛል? አንተ ነህ ይሄን የመጠየቅ በሽታ ያመጣህብኝ" አሉና ሳቁ። ቀጥለው በቁጣ ወደ ሰሜን ተመለከቱ፤ አንዲት ጥጃ በአጥሩ ክፍት በኩል አንገቷን አስገብታለች። ድንጋይ አንሥተው ጮኹባት፤ እየሮጡም ሄዱ። እኔም ክፍቱን የምንዘጋበት እሾህ ለመጎተት ተከተልኳቸው።